የኤሌክትሮኒክስ ክበብ ዘገባ፦ ችግሩ ሲለቅ ነው

ክበባችን በመስከረም ሥራውን ሲጀምር ዓመቱን ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ለመሥራት ተስማማን፤ የክፍለ ጊዜውን ደወል በራሱ ሰዓት እንዲደውል ማድረግ። አሥር ሥራ ጀምሮ ከመተው አንዱን ከዳር ማድረስ ይሻላል ብዬ የገፋፋሁት እኔ ነኝ።

ስሌቱን ተማሪዎቹ በሰሌዳ ላይ ራሳቸው አወጡት። ደወሉን የሚያበራና የሚያጠፋው በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ማለትም የባለ 5 ቮልቱ ሪሌይ፣ የሽቦ ጥቅልል 70 ኦም ስለሆነ 70 ሚሊአምፔር ያህል ይስባል። ሪሌዩን የሚያዘው ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ ቦርድ፣ የአርዱዊኖ ኡኖ፣ አንድ እግር ግን ከ20 ሚሊአምፔር በላይ ባይሸከም ይመረጣል። ስለዚህ መካከል ላይ በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያዝ ትራንዚስተር ገባ።

ከዚያ መከራችን ጀመረ። ሪሌዩ ቀጭ ብሎ ይይዛል፣ ይለቃል፤ የቦርዱ አንጎል የሆነው ማይክሮኮንትሮለርም ሥራውን ትቶ ከሀ ብሎ ይጀምራል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ፕሮግራሙን መስመር በመስመር ስናገላብጥ ከረምን። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ግን ፕሮግራሙን ትታ የቦርዱን ትንሽ መብራት ብቻ ስትመለከት ቆየች። «መምህር፣ ሲይዝ ምንም አይሆንም። የሚጠፋው ሲለቅ ነው» አለችኝ። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል። በጥቅልሉ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ድንገት ሲቆረጥ ጥቅልሉ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይፈጥራል፤ እኛ ደግሞ መውጫ አላበጀንለትም ነበር። ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ አንድ 4007 ዳዮድ አምጥተን ነጣ ያለ ቀለበቱን ወደ ፖዘቲቩ አዙረን በጥቅልሉ ሁለት ጫፎች ላይ በየድነው። ሁለት መቶ ጊዜ አስይዘን አስለቀቅነው፤ አንድም ጊዜ አልተደናገረም።

220 ቮልቱን የነካነው እኔና የትምህርት ቤቱ ኤሌክትሪሺያን ብቻ ነን። ደወሉ ራሱ ጥቅልል ስላለው በሪሌዩ መገናኛ ብረቶች መካከል ብልጭታ ታየ፤ የቀድሞው ችግርም ተመለሰ። ብልጭታውን እንዲያበርዱልን 100 ኦም ሬዚስተርና ለ220 ቮልት መስመር የተሠራ 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በተከታታይ አያይዘን በብረቶቹ ትይዩ አገናኘን፤ የደወሉንም ሽቦ ከቦርዱ አራቅነው። መብራት ሲጠፋ ሰዓቱ እንዳይዛባ ደግሞ የራሱ ባትሪ ያለው ዲኤስ 3231 የተባለ የሰዓት ቺፕ ተጨመረ።

ከግንቦት ወዲህ ደወሉ ራሱ ይደውላል።

ለመጪው ዓመት ተማሪዎቹ የሮቶውን የውሃ ዲናሞ መርጠዋል። ዲናሞ ሲነሳ በብዙ እጥፍ ስለሚስብ ትንሹ ሪሌያችን ብቻውን አይችለውም፤ ለከባድ ኤሌክትሪክ የተሠራ ትልቅ ሪሌይ፣ ማለትም ኮንታክተር፣ ያስፈልገናል። ያገለገለ ኮንታክተር ያላችሁ ወላጆች፣ ረቡዕ ከ9 ሰዓት በኋላ በክበቡ ክፍል አለን።