የሥነ ጥበብና ሥነ ጽሑፍ ክበብ፦ ከሥዕሉ ግርጌ ያለው እግር

የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት በግድግዳ ጋዜጣና በግጥም ንባብ አለፈ። በሁለተኛው መንፈቅ የሮማንቲክ ዘመን (ለስሜትና ለተፈጥሮ ትልቅ ቦታ የተሰጠበት የአውሮፓ የጥበብ ዘመን) የመልክዓ ምድር ሥዕሎችን ከሥነ ጽሑፍ ጋር አያይዘን መመልከት ጀመርን። አባላቱ መልክዓ ምድር ሲባል የታያቸው ሆቴል ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ተራራና ፏፏቴ ነበር።

እንግሊዛዊው ሠዓሊ ተርነር እ.ኤ.አ. በ1840 ለሕዝብ ያቀረበውን የባሪያ መርከብ ሥዕል ርእሱን ሳልነግራቸው በፕሮጀክተር አሳየኋቸው። ክፍሉ በቀይና በቢጫ ብርሃን ተሞላ። «ጀንበር እየጠለቀች ነው» አሉ። ደግማችሁ እዩት አልኳቸው። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ተነሥታ ወደ ግድግዳው ተጠጋችና በቀኝ በኩል ከግርጌ፣ ዓሦች የከበቡትን ከውኃው የወጣ እግር በጣቷ ነካችው። ቁርጭምጭሚቱ ላይ እግር ብረት አለ። ለረጅም ጊዜ የተናገረ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ነው ለሥዕሉ መነሻ እንደሆነ የሚታመነውን፣ ዞንግ የተባለውን የባሪያ መርከብ ታሪክ የነገርኳቸው። እ.ኤ.አ. በ1781 የዚህ መርከብ ሠራተኞች ከ130 በላይ አፍሪካውያንን በሕይወታቸው ወደ ባሕር ወረወሩ፤ ባለቤቶቹም ለጠፋ ጭነት እንደሚጠየቅ የኢንሹራንስ ካሣ ጠየቁ። ባለቅኔው ጀምስ ቶምሰን ከተርነር መቶ ዓመት ገደማ ቀድሞ የባሪያ መርከብ ስለሚከተል ሻርክ ገጥሟል። ተርነርም ሥዕሉን ያቀረበው ከራሱ ስንኞች ጋር ነው። ግፍ እንዲህ አምሮ መሣል አለበት ወይ በሚለው ጥያቄ ሁለት ሳምንት ተከራከርን። እኔ አለበት ባይ ነኝ፤ ዓይንን ስቦ እስከዚያ እግር ድረስ የሚያደርሰው ቀለሙ ነውና።

የሌላውን እንግሊዛዊ ሠዓሊ የኮንስታብልን «የድርቆሽ ጋሪ» ሥዕል ያየነው በአንድ ቀን ነው። ሥዕሉ በቀረበ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1822፣ ሥዕሉ በሚያሳየው በምሥራቅ እንግሊዝ ሥራ ያጡ የእርሻ ሠራተኞች የመውቂያ ማሽኖችን ሰባብረዋል። ኮንስታብል ግን አጫጆቹን ከሩቅ ሜዳ ላይ ነጠብጣብ አድርጎ ትቷቸዋል።

ብዙ ያነጋገረን እ.ኤ.አ. 1844 ነው። ባለቅኔው ዎርድስወርዝ በሰሜን እንግሊዝ ወዳለው የዊንደርሚር ሐይቅ ሊዘረጋ የታሰበውን የባቡር ሐዲድ በግጥም ሲቃወም፣ ተርነር በዝናብ ውስጥ የሚከንፍ ባቡር ሥሎ አቀረበ። ከባቡሩ ፊት በሐዲዱ ላይ አንዲት ጥንቸል ትሮጣለች። አምልጣለች የሚሉና አታመልጥም የሚሉ አባላት እስካሁን አልተስማሙም።

በሰኔ እያንዳንዱ አባል የሚያውቀውን ቦታ በከሰልና በጠመኔ ሥሎ ከሥሩ አራት ስንኝ ጻፈበት። አንዱ ልጅ የሠራው ንጋት ላይ ያለ ኮረብታ ነው። በቀኝ ጠርዝ፣ ወረቀቱ ሊያልቅ ሲል፣ ጎንበስ ያለ ጀርባና ቢጫ ጀሪካን ይታያል። ሥዕሎቹ በቤተ መጻሕፍቱ መተላለፊያ ተሰቅለዋል፤ ወላጆች ቆም ብላችሁ፣ ተጠግታችሁ እዩልን።