እማዬ፣ የቆቡን ነገር

እማዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ? ሥላሴን እንዴት ዋላችሁ? የደብረ ብርሃን ክረምት እንደማይምር አውቃለሁ፤ ያን የመንዝ ባና ለእንግዳ ብለሽ ሳጥን ውስጥ አትቆልፊበት፣ ልበሺው።

እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጆቹ ትምህርት ተዘግቶ ቤቱን ገልብጠውታል። የትንሿ ጥርስ ወልቆ ጣሪያ ላይ ካልወረወርኩ ብላ አለቀሰች። ኮንዶሚኒየም ላይ ምን ጣሪያ አለ? በመስኮት ለቀቀችው፣ ታች ቡና የምትቆላ ጎረቤት በረንዳ ላይ አረፈ። ብረት ምጣዱን የሳተው ለጥቂት ነው።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልግባ። ከፍልሰታ በኋላ ቆብ ልትደፊ፣ ደብረ ሊባኖስ ገብተሽም ልትቀመጪ ነው አሉ። አሉ የምለው ካንቺ ስላልሰማሁ ነው። ለወንድሜ ነግረሽ፣ ለንስሐ አባትሽ ነግረሽ፣ ለዕድሩ ሴቶች ሳይቀር ነግረሽ፣ እኔ ጋ ስትደርሺ «ሁሉ ሰላም» ብለሽ ስልኩን ዘጋሽው።

መመንኮስሽን የምጠላ እንዳይመስልሽ። አያቴም ቆቧን ደፍታ ነው ያረፈችው፤ ያውም ከቤቷ ሳትወጣ፣ እኛን ቆሎ እያበላች። የሚጨንቀኝ ሌላ ነው። መነኩሴ ለዓለም ሞተ ተብሎ በቁሙ ፍትሐት ይደረግለታል። እኔ ያ ጸሎት ባንቺ ላይ ሲደገም ቆሜ መስማት አልችልም። የአባባ ገና ከጆሮዬ አልወጣም።

መሄድ ላይ ደግሞ ትጨክኛለሽ። አክስቴ ጋ የላክሽኝ ጊዜ መናኸሪያ ድረስ መጣሽ፣ ቆሎውን በመሐረብ ቋጥረሽ ጭኔ ላይ አስቀመጥሽ፣ «ለትምህርትሽ ነው» አልሽና አውቶቡሱ ሳይነሳ ዞረሽ ሄድሽ። በመስኮት ነጠላሽን ስፈልግ ቀረሁ። አክስቴ ክፉ አልነበረችም፤ የሰው ቤት ግን የሰው ቤት ነው፤ እንጀራ ለመድገም እንኳ የሰው ፊት ታያለሽ። ተማርኩ፣ ሥራ ያዝኩ፣ ወለድኩ፤ ይሄ ሁሉ ያንቺ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን አንድ ቀን «ሄጄ ልያት» ብለሽ ብቅ ብትይ ምን ነበረበት? ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ያኔም ሳትጠይቂኝ ወሰንሽ፣ አሁንም ሳትጠይቂኝ።

መድኃኒቱን ሳልረሳ። በጾም ጠዋት ጠዋት የግፊቱን ክኒን እንደምትተይው ሰምቻለሁ። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ሊገባ ነው። ግፊት እኮ ሳያም ነው የሚጎዳው። ሰዓቱን ወደ ማታ ማዞር ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቂው፤ ለአንዳንዱ ክኒን ይቻላል። ንስሐ አባትሽንም አማክሪ፤ ቤተ ክርስቲያን በታመመ ሰው ላይ እንደማትጨክን የነገርሽኝ አንቺው ነሽ። (አንቺ ይህን የምታነቢላት ልጅ፣ ይቺን እንዳትዘያት፤ ሁለቴ አንብቢላት።)

ሐና ነቢዪትን ትጠቅሺብኛለሽ፣ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ 84 ዓመት ያህል መበለት ሆና በጾምና በጸሎት ከመቅደስ አትለይም ነበር ይላል ወንጌሉ። ሕፃኑን ስታይ ግን ዝም አላለችም፤ ለሰው ሁሉ ስታወራ ነው የምናገኛት። አንቺም እንደዚያ ነሽ። በየወሩ በ21 የማርያም ጽዋ ላይ ከነዚያ ሴቶች ጋር ስትቀመጪ ሳቅሽ አጥር አልፎ ይሰማል። ኪዳን አድርሰሽ ስትመለሺ የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ የሽምብራ ቆሎሽን ሊካፈል ይከብሻል። እዚያ ገዳም ማን ያስቅሻል? ወይስ ሳቁ ለእኛ ብለሽ ነበር? ይሄን እውነቱን ብትነግሪኝ አልቀየምም።

የነሐሴው ጽዋ ያንቺ ተራ ነው አሉኝ። ለብቅሉና ለጌሾው ብር ልኬያለሁ፤ ልጆቹን ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ ቆቡን አቆዪልኝ። የለም፣ ቆርጫለሁ ካልሽ ግን በወንድሜ በኩል አይሁን፤ ራስሽ ደውይልኝ።