ሥራ አስኪያጅነቴን ላስመሰከራችሁልኝ ሁሉ

ይግባኙ ጸድቋል። የኤል-1ኤ ፈቃዴ፣ ማለትም ድርጅት ሥራ አስኪያጁን አሜሪካ ወዳለው ቅርንጫፉ ሲልክ የሚሰጠው የሥራ ፈቃድ፣ ይራዘም ተብሏል። «ምን ደረሰ?» እያላችሁ ስትደውሉልኝ ለከረማችሁ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ።

ለማታውቁት ባጭሩ ላውጋችሁ። ቡና ላኪ ድርጅታችን አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ቅርንጫፍ ከፍቶ እኔን ላከኝ። ለአዲስ ቢሮ መጀመሪያ የሚሰጠው ቢበዛ 1 ዓመት ነው። ማራዘሚያ ስንጠይቅ ተከለከልን። ሠራተኞቹ ጥቂት ናቸው፤ ሰውየውም የዕለት ሥራ ተቆጣጣሪ እንጂ ሥራ አስኪያጅ አይደለም ተባለ። እኛ አገር ማዕረግና ማህተም ካለህ ማን ይጠይቅሃል? እዚያ የሚታየው ቀንህን በምን እንደምታሳልፍ ነው።

ከሁሉ በፊት የሒሳብ ሠራተኛችንን ላመስግን። ገና ከውሳኔው በፊት ተጨማሪ ማስረጃ አምጡ የሚል ደብዳቤ ሲመጣ፣ የደመወዝ መዝገቡን፣ በየሩብ ዓመቱ ለግብር የሚሞላውን ፎርም 941፣ የቅጥር ውሎቹን፣ የዓመት ፈቃድ ቅጾቹን ሳይቀር አስገባች። አንዳንዶቻችሁ ስቃችሁባታል። ያኔ ተጠይቆ ያልቀረበ ማስረጃ ግን በይግባኝ ጊዜ ባመጣው ብትል ሰሚ የለህም። እነዚያ ቅጾች ደግሞ ጉድ ሠሩ። ለጫኝና አውራጁ ፈቃድ የፈረመለት የመጋዘን ኃላፊው ነው። ለመጋዘን ኃላፊው የፈረምኩት እኔ። በእኔና በዕለት ሥራው መካከል ሌላ አለቃ እንዳለ ከዚህ በላይ ምን ይናገራል?

ጠበቃችን፣ አንቺም ተባረኪ። የሠራተኛ ቁጥር ሲመዘን የድርጅቱ ተገቢ ፍላጎትና የደረሰበት ደረጃ ይታይ የሚለው ሕጉ ራሱ ነው። ይህን ይዘሽ ሞገትሽ። የይግባኙ ቀነ ገደብ 30 ቀን፣ ውሳኔው በፖስታ ከመጣ 33 ነው። በዚያች ጊዜ ያን ሁሉ ዶሴ እንዴት እንደጨረስሽው አንቺ ታውቂያለሽ።

ይግባኝ ማለት የሚችለው ድርጅቱ እንጂ እኔ አይደለሁም። የቦርድ አባላት «ሌላ ሰው እንልካለን» ብትሉ ነገሩ እዚያው ባበቃ ነበር። ለወጪውም ለእምነታችሁም ውለታችሁ አለብኝ።

የባለቤቴና የልጆቼ ፈቃድ በእኔ ላይ የተንጠለጠለ ስለነበር ሁላችንም ጓዛችንን ጠቅልለን አዲስ አበባ ገባን። እህቴ፣ ቤትሽን ለቀቅሽልን። ልጆቹን በዓመቱ አጋማሽ ትምህርት ቤት ያስገባሽውም አንቺ ነሽ። ምን ብዬ እንደማመሰግንሽ አላውቅም።

የአሌክሳንድሪያ ልጆች፣ ቢሮውን ሳይዘጋ ስላቆያችሁልኝ ኑሩልኝ። የፈቃድ ቅጽ ያጠራቀማችሁም አዘጋጁ፤ መጥቼ እፈርማለሁ።