ስምንት ዓመት ኖረሽበት ያላየሽው አገር

ሚጡዬ፣

ሰላምታውን በስልክ ጨርሰናል። እናትሽ ደህና ናት፣ እኔም ደህና ነኝ፣ ጉልበቴም እንደ ዕድሜው ነው። ይሄን የምጽፍልሽ በስልክ የማይወራውን ነው፤ አንቺ ስልክ ስታነሺ ወይ ከፈረቃ እየወጣሽ ነው ወይ ልትገቢ ነው። "አባዬ ጉዞው እንዴት ነበር?" ስትዪኝ "ጥሩ ነበር" ብዬ ዘጋሁት። ጥሩ ነበር ማለት ግን ምንም አለማለት ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልናዘዝ። ያን የአየርላንድ የሁለት ቀን ጉብኝት ከፍለሽ ስትሰጪኝ ደስ አላለኝም ነበር። የሌሊት ፈረቃ ስለደረሰሽ ሽማግሌውን የሆነ ቦታ ማቆየት ፈልገሽ ነው አልኩ በልቤ። ዋጋውንም ወደ ብር መንዝሬው ራሴን አዞረኝ። ጠዋት ስትሸኚኝ ፊቴን ያኮሳተርኩት ለዚያ ነው እንጂ ብርዱ አልነበረም። ይቅር በዪኝ።

ያየሻት ሚኒባስ 16 ሰው ትይዛለች፤ እኛ 11 ነበርን። ወያላ ብቻ ነው የጎደላት። ሾፌሩም አስጎብኚውም አንድ ሰው ነው፤ ስድሳን ያለፈ፣ ጉንጩ የቀላ፣ ጆሮው ላይ ማይክ የሰካ። አይቸኩልም። ደስ ያለው ቦታ ያቆማል፣ በግ መንገድ ከዘጋበትም ሞተር አጥፍቶ ወሬውን ይቀጥላል። እንግሊዝኛውን ጆሮዬ እስኪለምደው ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ዝናቡ ደግሞ ከደብሊን እስክንወጣ እንኳ አልታገሰም፤ ነሐሴን አዲስ አበባ ጥዬው መጣሁ ስል ነሐሴ እዚያ ጠበቀኝ።

በዚያ ዝናብ ውስጥ ነው የሊርን ልጆች ተረት የነገረን። ሊር የሚባል ሰው አራት ልጆች ነበሩት፤ እናታቸው ሞተች፣ የእንጀራ እናት መጣች። (የእንጀራ እናት እዚያም ያችው ናት!) ቀናችና በአስማት ስዋን አደረገቻቸው፤ እነዚያ አንገተ ረጃጅም ነጫጭ የውሃ ወፎች። 900 ዓመት በውሃ ላይ ኖሩ። 300ውን እኛ የምናልፍበት አውራጃ ባለ ሐይቅ ላይ፣ 300ውን በሰሜን በኩል ባለ ቀዝቃዛ ባሕር፣ የቀረውን በምዕራብ ጠረፍ። ድምፃቸው ግን የሰው ሆኖ ስለቀረ ይዘፍኑ ነበር። አስማቱ የተፈታው የቤተ ክርስቲያን ደወል ሲሰሙ ነው፤ ወደ ሰውነት ሲመለሱ 900 ዓመት ያረጁ ሽማግሎች ሆነው ተገኙ፣ ተጠምቀው ሞቱ። ይሄን ሲናገር ድምፁን ዝቅ አደረገ። አያቴ እሳት ዳር ስትተርት እንደዚያ ነበር የምታደርገው።

ክሎንማክኖይዝ የሚባል ገዳም ፍርስራሽ ጋ ወረድን። ሻነን ወንዝ ዳር ነው። ቅዱስ ኪራን እ.ኤ.አ. በ544 አካባቢ የመሠረተው፤ እሱ ራሱ ብዙም ሳይቆይ ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜው ሞተ። ቫይኪንጎች የሚባሉት ከሰሜን በመርከብ የሚመጡ ወራሪዎች ደጋግመው ዘርፈውታል፣ በ1552 ደግሞ የእንግሊዝ ወታደሮች ጠራርገው ወሰዱት። በአይሪሽ ቋንቋ ከተጻፉት ጥንታዊ ብራናዎች አንዱ የተዘጋጀው እዚህ ነው አለን። ብራና ሲል ቀጥ አልኩ! የላም ቆዳ ፍቆ፣ ወጥሮ፣ መስመር አስምሮ መጻፍ። የብራናውም ስም ከቅዱሱ ላም የመጣ ነው፤ ቆዳዋ ነው ይላሉ። አብረውን የተሳፈሩት ካናዳውያን እህትማማቾች ፎቶ ሲያነሱ እኔ የድንጋዩን መስቀል እየዞርኩ አየሁ፤ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ተቀርጾበታል፣ ማንበብ ለማይችል ሕዝብ መጽሐፍ ነበር። የኛ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያለውን ሥዕል አስቢው።

አየርላንድን ስላስተማረው ስለ ቅዱስ ፓትሪክም የነገረን እዚያው ነው። 16 ዓመት ሲሆነው ከብሪታንያ በምርኮ አምጥተው ባሪያ አደረጉት፤ ስድስት ዓመት ከብት ጠበቀ፣ አመለጠ፣ በኋላ ጳጳስ ሆኖ ባሪያ ወዳደረጉት ሰዎች ተመለሰ። አላስቻለኝም፣ እጄን አወጣሁ። ሠላሳ ዓመት ታሪክ ያስተማረ ሰው እጅ ሲያወጣ ያስቃል። የኛም አባ ሰላማ እኮ እንዲሁ ነው አልኳቸው፤ ልጅ ሆኖ ቀይ ባሕር ላይ ተማርኮ አክሱም ቤተ መንግሥት ገባ፣ ኋላ ከእስክንድርያ ጳጳስ ሆኖ ተመለሰ፤ ያውም ከፓትሪክ መቶ ዓመት ቀድሞ። ሾፌሩ ማይኩን ከጆሮው አውልቆ "ከየት ነህ አንተ?" አለኝ።

ከኢትዮጵያ ነኝ አልኩ።

አሁን የምነግርሽን በደንብ ስሚኝ። ውጭ አገር ኢትዮጵያ ስትዪ ምን እንደሚመጣ ታውቂዋለሽ። ሰዉ ፊቱን ያሳዝናል፣ ያ የ77 ድርቅ ፎቶ በዓይኑ ላይ ሲያልፍ ታዪዋለሽ። እኔ ያኔ ወሎ አስተማሪ ነበርኩ፣ ፎቶው ትዝ የሚለኝ እንደነሱ አይደለም፤ ስለዚህ ይሄን ፊት ሳይ ይከነክነኛል። እሱ ግን አላዘነልኝም። ራሱን ነቀነቀና "ነገ አንድ ነገር አሳይሃለሁ" ብሎ ሞተሩን አስነሳ።

ማታ ጎልዌይ አደርን። ፍልሰታ ነበር፤ ጾም መሆኔን ለሬስቶራንቱ ልጅ አስረዳሁት፣ ገባኝ ብሎ ክሬም የፈሰሰበት የአትክልት ሾርባ አመጣልኝ። በሻይና በደረቅ ዳቦ አደርኩ። ዳቦው ያለ እርሾ በሶዳ የሚጋገር ነው፣ ወተት እንዳለበት የሰማሁት በማግስቱ ስለሆነ እግዚአብሔር አያይብኝ።

በማግስቱ ቡረን የሚባለው አገር ገባን። አፈር የለም፣ ተራራው በሙሉ ግራጫ የኖራ ድንጋይ ነው፤ በስንጥቁ ውስጥ ግን አበባ ይበቅላል። ሾፌሩ መኪናዋን ጥግ አስያዘና እኔን ብቻ አወረደኝ፤ ሌሎቹም ተከተሉን። በጣቱ ሽቅብ አሳየኝ። የድንጋይ አጥር ነው፣ ተራራውን ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ከዚያ ጫፉ ላይ ያልቃል። የሚከልለው ማሳ የለም፣ በግ የለም፣ ምንም የለም። "ይሄን ያሠሩት የሚራቡ ሰዎችን ነው" አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1845 በሽታ ድንቹን አበሰበሰው፤ መሬቱ የባላባት ስለሆነ ድሃው ከድንች ሌላ የሚበላው አልነበረውም። እህልና ከብት ግን በመርከብ ወደ እንግሊዝ መሄዱን አላቆመም። እርዳታ በነፃ ከሰጠናቸው ይሰንፋሉ ተባለና ለሳንቲም የማያስፈልግ መንገድና አጥር እንዲሠሩ ተደረገ። አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሰደደ። በ1841 ደሴቷ ላይ ከስምንት ሚሊዮን በላይ ሰው ነበር፤ እስከ ዛሬ ያን ቁጥር መልሳ አላገኘችም።

አጥሩን ነካሁት። በጭቃ አልተያያዘም፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ነው፣ እጅ ያህል ያለውም አለ፤ ሕፃን ያነሳው ይሆናል። ከካናዳዎቹ ታናሽየዋ አያታቸው ከዚሁ አካባቢ እንደተሰደደ ተናግራ ነበር፣ ዞር ብላ ቆመች። ማንም ምንም አላለም። ሾፌሩ ከኪሱ ከረሜላ አውጥቶ ሰጠኝ። በቃ።

የሞኸር ገደል የሚሉትን ብዙ አላወራሽም። 214 ሜትር ከፍታ አለው ተብሎ ጉም አየሁ። አሥር ደቂቃ ሲገለጥ ግን ልብ ያርዳል፤ ከታች አትላንቲክ፣ ከዚያ ወዲያ አሜሪካ። ስሜንን ላየ ሰው ቁመቱ አያስደንግጥም፣ ባሕሩ ነው የሚያስደነግጠው።

ከዚያ ጥቂት ወረድ ብሎ ግን የአየርላንዶቹ ቅድስት የብሪጂድ ጸበል አለ። ጸበል ያልኩት እኔ ነኝ፣ ሌላ ስም ላወጣለት አልቻልኩም። ጠባብ ኮሪደር ነገር ትገቢያለሽ፤ ግድግዳው በሁለቱም በኩል ፎቶ ነው፣ መቁጠሪያ ነው፣ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ነው፣ እርጥበት ቀለሙን ያጠበው የሕፃን ፎቶ ነው። መጨረሻው ላይ ውሃው ይንጠባጠባል። ዝናብ ልብስ የለበሰች ሴት አንድ ፎቶ ከኪሷ አውጥታ ድንጋይ ላይ አስደገፈችና ወጣች። አማተብኩ። ምን ላድርግ? የያዝኳትን ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞላሁ።

ስንመለስ አውራ ጎዳናው ዳር አንዲት ቁጥቋጦ አሳየን። እ.ኤ.አ. በ1999 መንገዱ ሲሠራ ልትቆረጥ ነበር፤ የመናፍስት ዛፍ ናት፣ ከነኳት መኪና ይገለበጣል ብሎ አንድ ተረት ሰብሳቢ ተሟገተ፣ መሐንዲሶቹም ትተዋት አለፉ። አስቢው፣ አውሮፓ ውስጥ አድባር! ለተማሪዎቼ ኋላ ቀርነት ነው እያልኩ ያስተማርኩት ትዝ አለኝና አፈርኩ።

ሾፌሩ ሲሰናበተኝ በአይሪሽ "ዲያ ጊት" ማለት አስተማረኝ፤ እግዚአብሔር ካንተ ጋር ማለት ነው። መልሱ "ዲያ ስሙረ ጊት" ነው፤ እግዚአብሔርና ማርያም ካንተ ጋር። ስምንት ዓመት እዚያ ኖረሽ ይሄን አልነገርሽኝም። ሆስፒታሉና ቤትሽ መካከል ያለውን አውቶቡስ ብቻ ነው የምታውቂው። ፈቃድ አለሽ፣ ውሰጂውና ሂጂ። ለኔ ያወጣሽውን ለራስሽ አውጪ። ከፈለግሽ ቁጣ ነው በዪው።

ጠርሙሷን ለእናትሽ ሰጠኋት። "የማን ናት?" አለች። የብሪጂድ ስላት "ከኛ ናት?" አለች። አልጠጣችውም፣ አልደፋችውምም፤ ፍሪጅ ላይ አስቀመጠቻት። ትናንት ቡና ላይ የብሪጂድ በዓል እነሱ ፌብሩዋሪ 1 የሚሉት መሆኑን ነገርኳት፤ እዚያ አብዛኛውን ጊዜ በወሩ መጀመሪያ ሰኞ ሥራ ይዘጋላታል፤ አንቺ ነርስ ስለሆንሽ አርፈሽባት አታውቂ እንደሆነ እንጂ። እናትሽ በጣቷ ቆጠረች። "ጥር 24 ነው" አለች፣ "የተክልዬ ቀን።" ተነሳች፣ ጠርሙሷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገቻትና ከእንጦጦው ጸበል አጠገብ ሥዕሉ ሥር አኖረቻት።

አባትሽ