ለአባቴ፣ ፒያሳ

ልደታ፣ ሐምሌ 2012 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከልደታ ፒያሳ ቅርብ ሆኖ ሳለ ደጅዎን ሳልረግጥ የሰነበትሁት፣ ሥራዬ ለቀዶ ሕክምና የሚገቡ ሕሙማንን ማደንዘዝ ስለሆነ የኮሮና ቫይረስን እንዳላመጣብዎ ፈርቼ ነው። የልጅ ልጅዎ ፊደል ቆጥራ ጨርሳለች፤ በስልክ ልታነብልዎ ትፈልጋለች።

እህቴ እንደነገረችኝ ግን ቡአው ጠንክሮብዎ፣ ደረጃ ሲወጡ ብሽሽትዎን በእጅዎ ደግፈው ነው የሚሄዱት። የሚያዝያው ቀጠሮ በወረርሽኙ ምክንያት ከተራዘመ ወዲህም «ኮሮና ያለበት ሆስፒታል ከምገባ ቤቴ ይሻለኛል» ይላሉ አሉ። በሬዲዮ የሰሙት ቁጥር እውነት ነው፤ ግንቦት ላይ በወጣ የ24 አገሮች ጥናት፣ ቀዶ ሕክምና አድርገው ከዚያ በፊት ወይም በኋላ ቫይረሱ ከተገኘባቸው 1,128 ሕሙማን 23.8 በመቶው በ30 ቀን ውስጥ አርፈዋል። ይህ ግን በቫይረሱ የተያዙት ቁጥር እንጂ ሆስፒታል የገባ ሰው ሁሉ ዕጣ አይደለም። የታነቀ ቡአ፣ ማለትም ወጥቶ አልመለስ ያለ አንጀት፣ ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቅም፤ ደም ያጣ አንጀት በሰዓታት ውስጥ ይሞታል።

እኛ ዘንድ ድንገተኛ ሕመምተኛ ሲመጣ ናሙና ይወሰዳል፤ ነገር ግን ውጤቱን ሳንጠብቅ፣ ቫይረሱ እንዳለበት ቆጥረን እንገባለን። ለቡአ ብዙ ጊዜ ከወገብ በታች የሚያደነዝዝ መርፌ ስለሚበቃ ጉሮሮ ውስጥ ቱቦ አናስገባም። ማስገባት ግድ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ቫይረሱ ወደ አየር ሊወጣ ይችላል ተብሎ ስለሚፈራ፣ እኔና አንድ ረዳት ብቻ ቀርተን ሌላው ሁሉ ይወጣል። ሲያበቃ ጓንቱና ጋውኑ ይወልቃል፤ ጭምብሉ ግን ከክፍሉ ከወጣን በኋላ፣ በመጨረሻ ነው የሚነሣው።

አባዬ፣ ቅር አይበልዎና አንድ ነገር ልናገር። የእናቴን ሕመም ፈተናዬ እስኪያልቅ ድረስ ደብቀውኝ ነበር፤ ከፈተና ወጥቼ ሰፈር ስደርስ ድንኳን ተተክሎ አገኘሁ። ለእኔ አስበው እንዳደረጉት አውቃለሁ፤ ለዚህ ያበቁኝም እርስዎ ነዎት። ሆኖም እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም፤ አሁን ደግሞ የራስዎን ሕመም ይደብቁኛል።

እብጠቱ ተኝተውም አልመለስ ካለ፣ ካመመዎ ወይም ካስመለሰዎ፣ እስኪነጋ አይቆዩ፤ እህል ውኃም አይቅመሱ። ጎረቤታችን በመኪናው እንዲያደርስዎ ለምኜዋለሁ፤ እሱ ከሌለ 907 ይደውሉ። የግፊት መድኃኒትዎን ይዘው ይውጡ። ከሁሉ አስቀድመው ግን ለእኔ ይደውሉልኝ፤ ደክሟት ተኝታ ይሆናል ብለው አይዘኑልኝ።

አክባሪ ልጅዎ