ቫርኒሹን ከማንሳትሽ በፊት

ውድ ልጄ፣

ላዩ በተዘረጋ ገለባ የሚለበጠውን የመጀመሪያ ሳጥንሽን ልትጀምሪ መሆኑን ስትጽፊልኝ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ሆኖም ሲያልቅ ቫርኒሽ፣ ያን የእንጨት ማስዋቢያ ቅብ፣ እንደምትቀቢው በዚያው ደብዳቤ ስላነሳሽ፣ ውዬ ሳላድር ይህን ልጽፍልሽ ተነሣሁ።

የምንሠራበት ራይ የተባለው የስንዴ ዘመድ አገዳው ረጅም ስለሆነ፣ በአንጓና በአንጓ መካከል ያለው ንጹሕ ክፍል ለሥራችን ይበቃል። ቆዳው በተፈጥሮው ሲሊካ የተባለው በመስታወት ውስጥ ያለው ማዕድን ስላለበት እንደ ሐር ያንጸባርቃል፤ ለዚህም ነው ቫርኒሽ የማያሻው። እኔ በወጣትነቴ ይህን አላምን ብዬ፣ ሦስት ወር የደከምኩበትን የጠረጴዛ ገጽ በቫርኒሽ ሸፈንኩት። በማግስቱ ሳየው፣ ዙሪያውን ስመላለስ ይለዋወጥ የነበረው ብርሃን ጠፍቶ ድፍን ቡናማ ሰሌዳ ሆኗል። ልፋቀው ብል ገለባው አብሮ ተነሣ። ያን ጠረጴዛ ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

ስለዚህ ድካምሽ ሁሉ ከመለጠፉ በፊት ይሁን። ገለባውን አርጥበሽ በቢላ ጫፍ ከዳር እስከ ዳር ሰንጥቂው፤ ከዚያም ውስጡን ወደ ላይ ገልብጠሽ፣ በለሰለሰ አጥንት እየተጫንሽ ዘርጊው። ጠርዙ መልሶ ከተጠቀለለ ገና ነው። ስትለጥፊው ጎን ለጎን አጣብቂው፤ በመካከሉ ክር የሚያሳልፍ ክፍተት እንኳ አይኑር። ከሁሉ የምወደው የፀሐይ ንድፍ ነው፤ ከአንድ ነጥብ የሚነሡ ቀጫጭን ጨረሮች ሁሉም አንድ ቀለም ሆነው ሳለ፣ እያንዳንዱ ብርሃኑን የሚቀበልበት አቅጣጫ ስለሚለያይ አንዱ ወርቅ፣ ጎረቤቱ ጥላ ይመስላል። ይህን ማንም ቀለም ቀቢ በብሩሽ አያመጣውም።

ይህ ሙያ በአውሮፓ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ይሠራበት ነበር። በ1920ዎቹ ደግሞ ፈረንሳዊው የቤት ውስጥ ንድፍ ባለሙያ ዣን ሚሼል ፍራንክ ከብራናና ከባሕር ዓሣ ቆዳ ጋር ገለባን መልሶ አነሣው፤ የቤት ዕቃ ብቻ ሳይሆን ግድግዳም አለበሰበት። ደንበኞቹ ውድ እንጨት መግዛት የማይሳናቸው ባለጠጎች ነበሩ፤ እርሱ ግን ከእርሻ የተረፈውን መረጠላቸው። በእኔ ዓይን ትልቅ ድፍረት ነው።

ከደብዳቤው ጋር አንድ እሥር ቀለም ያልገባበት ገለባ ልኬልሻለሁ። ቀጭኑን ከወፍራሙ ለይተሽ የመጀመሪያውን ፀሐይ በእርሱ ሥሪ። ሲደርቅ መስኮት አጠገብ አቁሚውና ጠዋትና ማታ ዙሪያውን ተመላለሺ፤ ከዚያ ያየሽውን ጻፊልኝ።

የሚወድሽ አባትሽ