የኋላ ሾክ ሊንኬጅ ኩሽኔታ ለምትቀይሩ አባላት

ሰላም ወገኖች፣

የሞተር ሳይክላችሁን ሊንኬጅ (የኋላ ሾኩን ጎማውን ከያዘው ክንድ ጋር የሚያገናኙትን ብረቶች) ቤት ውስጥ መፍታት ለምታስቡ ባጭሩ ልበል። ሞተር ሳይክሉን ከሻሲው ደግፋችሁ የኋላ ጎማው ከመሬት ይነሳ፤ የጎን መቆሚያውን አትመኑት። ጎማውን በእጅ ከፍ ስታደርጉት ሾኩ ሳይንቀሳቀስ «ቋ» ካለ የሆነ ቦታ ተበልቷል ማለት ነው። ቡሎን ከማውጣታችሁ በፊት ጎማው ስር ጣውላ አስገቡ።

ዋናው ጣጣ ኩሽኔታው ነው። አሮጌውን ከማስወጣታችሁ በፊት ከቀዳዳው ጠርዝ ምን ያህል ገባ እንዳለ በካሊፐር (በመለኪያው) ለኩ፤ አዲሱም እዚያው ልክ ላይ መቆም አለበት። በመዶሻ አትምቱት፤ ቅርፊቱ ስስ ስለሆነ ይጣመማል። በሞርሳ፣ ጽሑፍ ያለበትን ጎን እየገፋችሁ ቀስ ብላችሁ አስገቡት። ፍሪዘር ውስጥ ካደረ ብዙም አያስቸግርም። ግራሶ አትሰስቱ፤ የኩሽኔታውን የላስቲክ ማኅተሞችም (ሲሎቹን) ቀይሩ (የድሮውን መልሶ መግጠም ቁጠባ አይደለም)። ማጥበቂያው በማኑዋሉ ልክ፣ በቶርክ መፍቻ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ መፍቻ) ይሁን።

የከበዳችሁ ነገር ካለ ፎቶ አያይዛችሁ ላኩ።